የለበሰው መልስ

የአገራችንን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ ለማያውቃት ሰው ቢነግሩትም እዚያ የሚያደርሰው ጉዳይ የለውም። ከተማችን ወንዝ ዳር የተቀመጠች ናት። ዳገቱ ላይ ባለ ትልልቅ መስኮት ቤቶች አሉ፤ ረባዳው ላይ ደግሞ እኛ አለን። እኔ ማንደፍሮ እባላለሁ፤ ሳጥን ተሸካሚ ነኝ። ከመልስ ቤት የሚወጡትን ሳጥኖች ለየጠያቂዎቻቸው አደርሳለሁ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት ጀርባዬ ሰፊ ስለሆነ እንጂ ሌላ ችሎታ ታይቶብኝ አይደለም።

በእኛ አገር ሰው ስለ ራቀው ዘመዱ ማወቅ ሲፈልግ ዳገቱን ወጥቶ በመልስ ቤት መስኮት በኩል ይጠይቃል። መልሱ በሳጥን ይመጣለታል። ሳጥኑ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ መሳቢያዎች አሉት። በጥቁሩ የሰውዬው ስም፣ በቀዩ ያለበት ቦታ፣ በነጩ ያለበት ሁኔታ ይቀመጣል። ሁሉም ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ምልክት የተቀረጸባቸው የእንጨት ቁራጮች ናቸው፤ የስሙን መልስ ቤት ራሱ ይቀርጸዋል፣ የቀሩት ከሩቅ ይመጣሉ። በነጩ መሳቢያ ያለው ቁራጭ ክብ ከሆነ ሰውዬው በሕይወት አለ፤ ማዕዘን ካለው የለም።

ቁራጩ የሚመጣው እንዲሁ ራቁቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግለት የሚያውቀው ተቀባዩ ነው። ዳገት ሰፈር ያሉት በብር ክፈፍ ያስደርጉታል። እኛ በክር አንጠልጥለን ምሰሶ ላይ እናስረዋለን። ዓይነ ስውሯ ጎረቤታችን እማማ የሺመቤት በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ ክብ ከሆነ ስመው ጉያቸው ውስጥ ይከቱታል። ያው አንድ ዓይነት ቁራጭ ለሁሉም ቤት ይሆን ነበር፤ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም።

ወንድሜ ዘውገ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። የወንዙ ድልድይ ሲሰነጠቅ የማዶ ሰዎች ጠራቢ ፈለጉና ከሰፈራችን ብዙ ወንዶች ተሻገሩ። ጥገናው ሳያልቅ ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው። ሠራተኞቹ እዚያው ቀሩ፤ ማዶዎቹም በየካምፑ በተኗቸው። የማዶ ሕግ ደግሞ የራሱ ነው። የሌላ አገር ሰው ወደ አገሩ የሚመለሰው ከአገሩ ሰዎች ሲፈልጉት ብቻ ነው። ወንዙ ሞልቶ ጀልባ እስኪቆም ድረስ ፈላጊ ያልመጣለት ሰው አገር የለውም ይባልና ወደ መሃል አገር ይወሰዳል። መሃል አገር ስለገባ ሰው ከዚያ ወዲያ ጥያቄም መልስም የለም። ሕጉ ለምን እንደወጣ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። ሕግ ስለሆነ ነው አሉኝ።

መፈለግ ግን ከባድ አልነበረም። ጀልባው ላይ ልክ የሳጥኑን የመሰለ ቀይ መሳቢያ አለ። ከሳጥኑ ቀይ መሳቢያ ያወጡትን የቦታ ቁራጭ ጀልባው ቀይ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ የሰውዬውን ስም ለቀዛፊው በቃል ይነግሩታል፤ በቃ። የቦታውን ምልክት እኛ ማንበብ አንችልም። ቀዛፊውም አይችልም። የሚያነቡት የማዶ ሹማምንት ብቻ ናቸው። ለእኛ ማንበቡ ምን ያደርግልናል፤ ከመሳቢያ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ብቻ ነበር የሚጠበቅብን።

የዘውገ ሚስት ትርንጎ ትባላለች። የዓሣ መረብ ትሠራለች። ዘውገ ሲሻገር ገና ጎጆ ከወጡ ብዙም አልቆዩም ነበር። ድልድዩ የተወሰደ ዕለት አላለቀሰችም፤ በነጋታው ዳገቱን ወጥታ መልስ ቤት ጠየቀች። እንደ ክፉ ዕድል ሆኖ ያን ሰሞን መልስ ቤት አዲስ ሥራ ጀምሮ ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የዳገት ሰፈር ሰው አቤቱታ ነው። መልሱን ለእንግዶቹ ሊያሳይ ሳጥኑን ሲከፍት ባዶ እንጨት ወጣና አፈረ። መልስ ቤቱ ስብሰባ ተቀመጠ፤ መልስ ራቁቱን ደጅ መውጣቱ ለአገር ገጽታ ነውር ነው ተብሎ ተወሰነ። ማልበሻ ክፍል የሚባል ተቋቋመ። አናጢ፣ ሠዓሊና መጋረጃ ሰፊ ተቀጠረ። ኃላፊው አቶ ባያብል የሚባሉ ንጹሕ አለባበስ ያላቸው ሰው ሆኑ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ መልስ ለብሶ መምጣት ጀመረ። ከማዶ የሚደርሳቸውን ቁራጮች ሰፊ ሰሌዳ ላይ፣ ከብዙ የጌጥ ቁራጮች መሃል ይለጥፏቸዋል። ላዩን በሙሉ ቀለም ይቀቡታል፤ ቫርኒሽ ያለብሱታል። ሰውዬው በሕይወት ካለ ፀሐይ ይሳላል፤ ከሌለ ጥቁር ጨርቅ። አበባ አለው፣ ክፈፍ አለው፣ መጋረጃ አለው፤ መጋረጃው ሲከፈት የሚያንቃጭል ቃጭል አለው። ይህ ሁሉ በማጠፊያ ታጥፎ ነጩ መሳቢያ ውስጥ ይጨመራል። ጥቁሩና ቀዩ መሳቢያ ባዷቸውን ቀሩ፤ ሳጥን ባለ ሦስት መሳቢያ ይሁን የሚለው ሕግ ስላልተሻረ ግን ባዷቸውንም ቢሆን እሸከማቸው ነበር።

ሰሌዳው በምስማር የተሞላ ነው። ምስማሩ ሳጥኑን እንዳይበሳ ጫፉ ላይ ሁሉ ቡሽ ይሰካበታል። ቡሽ የሚሰካ ሠራተኛ ተቀጠረ። ቡሹ በመንገድ እንዳይወልቅ ተብሎ ደግሞ በቡሹ ላይ ሌላ ቡሽ የተሰካበት ጊዜ ነበር። ሰው መልሱን ተቀብሎ ቡሽ ሲነቅል ይውላል። አንድ ቀን ሰኪው አንድ ምስማር ዘለለና ዳገቱን ስወርድ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ሄጄ አቤት ብል፣ ከዚያ ሁሉ ምስማር አንዱ ነው የተረሳው ብለው እንዳመሰግናቸው ዓይነት አዩኝ።

የሰሌዳው ልክ የተወሰደው ከዳገት ሰፈር መስኮት ነው። እኛ ሰፈር በበር የሚገባው አግድም ተይዞ ነው፤ በአንዳንዱ ቤትማ ጭራሽ አይገባም። እማማ የሺመቤት የእህታቸውን መልስ ያመጣሁላቸው ዕለት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«አንተ ማንደፍሮ፣ ይሄ የሚያዳልጥ ነገር ምንድን ነው?»

«መልስ ነው እማማ።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ፀሐይ ተስሎበታል። እህትዎ ደኅና ናቸው ማለት ነው።»

እንደገና ዳሰሱት። «እኔ ፀሐይ አላገኘሁም» አሉ። «አንተ ካልክ እንግዲህ ይሁን።»

የትርንጎም ሰሌዳ ፀሐይ ነበረበት። በሯ አላስገባው ስላለ ውጪ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከፈትኩላት። ቃጭሉ ሲያንቃጭል ጎረቤት ተሰበሰበ። ትርንጎ መረብ የምትሠራበትን መንጠቆ እንደያዘች ቆማ ስታየው ቆየችና መሳቅ ጀመረች። ዘውገ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔም እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ በሕይወት አለ። ሥዕሉም ያምራል፤ ለምን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ሰሌዳውን አዝዬላት ጀልባው መቆሚያ ወረድን። ቀዛፊው ጋሼ ውብእሸት የሚባሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰሌዳውን አዩ፤ ቀዩን መሳቢያ ሳቡና አሳዩን።

«እዚህ ውስጥ የሚገባውን አምጪልኝ ልጄ» አሏት።

«የሰጡኝ ይሄንን ነው ጋሼ። ከዚህ ሌላ አልሰጡኝም።»

«እኔ ብወስደው ደስ ባለኝ። ማዶዎቹ ግን ከመሳቢያው የወጣውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስንቱን ሰሌዳ መለሱብኝ መሰለሽ።»

ሰሌዳውን እንደገና አዝዬ ዳገቱን ወጣን። አቶ ባያብል ቢሯቸው ውስጥ የአበባ ናሙና እያገላበጡ ነበር። ትርንጎ ችግሯን በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም በትሕትና ሰሟት።

«የቦታው ቁራጭ ቀረ ያለሽ ማን ነው? አለ እኮ። ሰሌዳው ውስጥ ነው ያለው።»

«እሱ አልጠፋኝም ጌታዬ። ለጀልባው ግን እሱን ብቻውን ነው የሚፈልጉት።»

«ብቻውን? ሌላው አላማረሽም ማለት ነው?»

«ኧረ አምሮኛል። በጣም ነው የሚያምረው። ግን ባሌን…»

«ባልሽ በሕይወት አለ። ፀሐይዋን አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው መልስሽን አግኝተሻል» አሉና አበባቸውን አነሱ።

እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። «ጌቶች፣ ጠዋት ከማዶ ሲደርሳችሁ ራቁቱን አይደል የሚደርሳችሁ? ሳታለብሱት በፊት የቦታዋን ብቻ ለይታችሁ ቀዩ መሳቢያ ውስጥ ጣል ብታደርጉልን ምን አለበት? መሳቢያው እንደሆነ ባዶውን ነው የምሸከመው።»

አቶ ባያብል አዝነው አዩኝ። «ያልለበሰ መልስ ከዚህ ቤት አይወጣም። ዛሬ አንድ ቁራጭ ራቁቱን ቢወጣ ነገ ማልበሻ ክፍል ለምን አስፈለገ ይባላል። ጀልባ ቤት ለሰሌዳ የሚሆን መሳቢያ ያሠራ፤ እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው።» ጀልባ ቤትም ሄድን። ጉዳዩ የመልስ ቤት ነው አሉን። ወንዙ ያን ጊዜ ገና ጎደሎ ነበር፤ ጊዜ ያለን መስሎን ብዙም አልደነገጥንም።

መላ ያገኙት ጋሼ መንበሩ ናቸው። ድሮ በኮርቻ ላይ ጌጥ ይለጥፉ ነበር፤ ከእርጅና ጋር ሥራው ቀርቶባቸው ቤት ውለዋል። የገዛ ልጃቸው ሰሌዳ ሲመጣላቸው ከኋላው አገላብጠው፣ አንኳኩተው፣ ቀለሙን ፍቀው የቦታው ቁራጭ ከግራው አበባ ሥር ሦስት ጣት ወርዶ እንደሚቀመጥ አገኙት። በመሮ ፈልፍለው አወጡት፤ ቀለሙን አጠቡት፤ ጀልባው ቀይ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ልጃቸው በሚቀጥለው ጀልባ መጣ። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ግን በእግሩ እየሄደ መጣ። ረባዳ ሰፈር ያን ቀን ሥራ የሠራ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲያ የጋሼ መንበሩ ደጅ በሰሌዳ ተጨናነቀ። መልስ ቤት ከላይ ይለጥፋል፣ ይቀባል፣ ያደርቃል፤ እኔ ተሸክሜ አወርዳለሁ፤ ጋሼ መንበሩ ከታች ይፈለፍላሉ። ማንም ይህ ለምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ወጣቶች ሙያውን ሊማሩ መጡ፤ ጋሼ መንበሩም ከግራው አበባ ሦስት ጣት እያሉ አስተማሩ። እጃቸው ከመልመዱ የተነሳ ሰሌዳውን ሳያዩ ከሰው ጋር እየተጫወቱ ያወጡት ነበር። የተፈለፈለው ሰሌዳ ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ በፀሐይዋ መሃል ያልፋል።

ትርንጎን ያስፈራት ይሄ ነው።

«ፀሐይዋን ሰንጥቀን እሱ አንድ ነገር ቢሆንስ?» አለችኝ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ቀለም እኮ ነው። የጋሼ መንበሩ ልጅ ፀሐይ ለሁለት ተከፍላ እሱ ይኸው ገበያ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ። ነገ እናስፈልፍለዋለን። ዛሬ ብቻ ልየው።»

በነጋታውም ነገ አለች። ጠዋት ጠዋት ከመሥራቷ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ዝናብ እንዳይነካው ሸራ ቆርጣ አለበሰችው። ላስገድዳት እችል ነበር፤ አላስገደድኳትም። ባሏ በሌለበት ቤት ውስጥ ያላት ሌላ ነገር ምን ነበርና ነው የምነጥቃት። ደግሞ ወንዙ ገና ነበር።

እንዲህ እያለን ከመልስ ቤት አዋጅ ወረደ። ቀዩ አበባ አልፎበታል፤ ሁሉም ሰሌዳ ተመልሶ በአዲሱ አበባ ይታደሳል። ያልተፈለፈለውን ሰሌዳ ሁሉ ከየቤቱ ለቅሜ ዳገቱን በጀርባዬ አወጣሁት። የትርንጎንም ወሰድኩ። እንዳይሰበርባት እስከ ዳገቱ ግማሽ ድረስ ከኋላዬ መጣች። በር ላይ አቶ ባያብልን አገኘኋቸውና ውስጡ የሚቀየር ነገር አለ ወይ አልኳቸው። «ምንም» አሉኝ። «ለማማር ብቻ ነው።»

ሰሌዳው ሲመለስ በእርግጥም አምሮ ነበር። ፀሐይዋ ትልቅ ሆና መሃል ላይ መጥታለች። አበባው ቢጫ ሆኖ በየማዕዘኑ ገብቷል። ሰማዩ ግን ከማዶ በኩል መጥቆር ጀምሮ ነበር፤ ጋሼ ውብእሸትም የቀረኝ ጥቂት ምልልስ ነው ብለው አስነገሩ። ትርንጎ አሁን ነገ አላለችም። ሰሌዳውን አንስቼ ጋሼ መንበሩ ደጅ አደረስኩት።

ጋሼ መንበሩ ጣታቸውን አበባው ላይ አሳረፉ። «ቢጫ ሆነ?» አሉ።

«ለማማር ነው ብለዋል።»

«እነሱ እንግዲህ ሥራ ፈት ናቸው» አሉና ሦስት ጣት ለክተው መሮውን አገቡ። ቁራጩ ምንም ሳያስቸግር ወጣ። ቀለሙን አጠቡት፤ ላዩ ላይ ምልክት አለ። ትርንጎ ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው። ስንጥቁ ደግሞ ፀሐይዋን አልነካትም ነበር። በዚህ ሦስታችንም ደስ አለን። ለምን እንዳልነካት ያሰበ ግን አልነበረም።

ቁራጩ ጀልባው ቀይ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ትርንጎ «ዘውገ» ብላ ስሙን ለቀዛፊው ተናገረች። ጀልባው እስኪመለስ ቤቱን በጭቃ መረገች፣ ልብሱን አጠበች። ከጎረቤት በግ ለማስያዝ ስትነጋገርም ሰምቻታለሁ። ጀልባው የሚመለስበት ቀን የሰፈሩ ሰው ግማሹ ወንዝ ዳር ነበር። የታደሰ ሰሌዳ ያስፈለፈለ ሁሉ ሰው ይጠብቃል።

ጀልባው ባዶውን መጣ። ጋሼ ውብእሸት ገመዱን ሳያስሩ ቀዩን መሳቢያ አወጡና የየሰዉን ቁራጭ በየእጁ መለሱለት። ለትርንጎ ሲሰጧት ቀና ብለው አላዩአትም።

«ፈልገዋል ልጄ» አሏት። «እንዲህ የሚባል ቦታ በማዶ የለም አሉ። ይሄ ምልክት የቦታ አይደለም።»

ጋሼ መንበሩ ቁራጩን ከእጇ ወስደው አገላበጡት። አሁን ልብ ብለው ሲያዩት ቅጠል ነበር። ለማማር የተቀረጸ ቅጠል። አበባው ቦታውን ሲቀይር የሦስት ጣቱ ልክም አብሮት ሄዷል። ጋሼ መንበሩ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ደግሞ ስድብ የማውቀውን ሁሉ ዳገቱን እያየሁ ተሳደብኩ። ጥቅሙ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዳገቱ ሩቅ ነው፣ አይሰማም።

ትርንጎ ሮጠች። ተከተልኳት። ቤቷ ስደርስ ሰሌዳውን መሬት ጥላ በድንጋይ ትሰብረው ነበር። በጨርቅ ስትወለውላት የከረመችውን ፀሐይ ከሁሉ በፊት ነው የሰበረቻት። ቁራጮቹን እየነቀልን ባልዲ ውስጥ አጠብን። አበባ የሆነው፣ ሰማይ የሆነው፣ ክፈፍ የሆነው ሁሉ ሲታጠብ አንድ ዓይነት እንጨት ነው፤ ሁሉም ላይ ምልክት አለ። የቱ የቦታ፣ የቱ የጌጥ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በከተማችን የለም። ትርንጎ ሁሉንም በቀሚሷ እቅፍ አድርጋ ተመልሳ ወረደች። ወንዙ ቀለሙ ተለውጦ ድምፁ መጥቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ይውሰዱልኝ። ከዚህ መሃል አንዱ ነው።»

«መሳቢያው የሚይዘው አንድ ነው ልጄ። በኪሴ ብወስደው አይቀበሉኝም፤ ታውቂያለሽ።» ጋሼ ውብእሸት ውኃውን አዩ። ከዚያ ምልልስ በኋላ እንዳይሻገሩ ጀልባ ቤት ከልክሏቸው ነበር። «አንድ ምረጪ። አንዴ እሻገርልሻለሁ። መመለሱን ግን እንጃ፤ ውኃው ካልጎደለ እዚያው ነው የምከርመው።»

ትርንጎ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ቁራጮቹን ዘረጋችና በሕይወት አለ የሚለውን ክቡን ለይታ አስቀመጠችው። የቀሩትን አንድ በአንድ እያነሳች በአውራ ጣቷ ጠርዛቸውን ታሽ ነበር። እኔ ምልክቱን እንጂ ጠርዙን ማየት አልመጣልኝም። አንዱን ስታነሳ ቆመች። «ሌላው ሁሉ ገና አሁን የተጋዘ ነው፤ ይሻክራል» አለች። «ይሄኛው ጠርዙ ልሟል። ብዙ እጅ ነክቶታል። ይሄኛው ከሩቅ ነው የመጣው።» ቀዩ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ጋሼ ውብእሸት ገመዱን ፈቱ። ጀልባዋ ስትናጥ አየናት፤ ማዶ ስትደርስም አየናት። በማግስቱ ወንዙ ሞላ።

ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍነው ብዙ አልናገርም። ትርንጎ መረብ ሠራች። ጋሼ መንበሩ መሮውን ለሰው ሰጡና ደጃቸውን ዘጉ። መልስ ቤት የዓመቱን ክንዋኔ ሲያስነብብ የታደሱት ሰሌዳዎች ብዛት ተጨበጨበለት፤ ስለ ጀልባው የተነሳ ነገር አልነበረም። አቶ ባያብል ተሾሙ። ሲሾሙ ወንበራቸውን ወደ አዲሱ ቢሮ የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ።

ውኃው ጎደለና ጀልባዋ ታየች። ትርንጎ ከሁላችንም ቀድማ ወንዝ ዳር ደርሳለች። ጋሼ ውብእሸት ብቻቸውን ናቸው። ሲወርዱ ደገፍኳቸው። ትርንጎ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ልክ ነበርሽ» አሏት። «የመረጥሽው ቁራጭ ልክ ነበር። አንድ ዳገት ላይ ያለ ካምፕ ነው፤ ይዘውኝ ሄዱ። ስንደርስ ባዶ ነው። መንገድ ላይ ሳለን ወንዙ ሞላ፤ ፈላጊ የሌላቸው ተብለው እኛ በደረስንበት ቀን ዋዜማ ወደ መሃል አገር ወስደዋቸዋል።»

«ፈላጊ የለውም አሉት?» አለች ትርንጎ። ድምጿን ባውቀውም የእሷ አልመስልህ አለኝ።

ጋሼ ውብእሸት መናገር አልፈለጉም፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። በኋላ ግን ተናገሩት። «እዚያ የቀረ አንድ ዘበኛ ነው ያጫወተኝ። መጀመሪያ ቅጠሉን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ስሙን በየካምፑ አስጠርተውት ነበር። ዘውገ የሚባል ሰው፣ የዚህ ምልክት ቦታ ሰው፣ እያሉ። የእሱ ካምፕ ሲደርሱ ከሰልፉ ወጥቶ ዘውገ እኔ ነኝ አለ።»

«አለ?»

«አለ። ምልክቱን ከካምፑ ምልክት ጋር አስተያዩት፤ አንድ አይደለም። የሚፈለገው ዘውገ የሌላ ቦታ ሰው ነው፣ አንተ የዚህ ነህ፣ ተመለስ አሉት። እኔ ነኝ እያለ ተከራከራቸው። ገፍተው ሰልፉ ውስጥ መለሱት።»

እኔ ወንድሜ በሰው እጅ ሲገፋ ታየኝና ማልቀስ ጀመርኩ፤ አላፈርኩም።

ትርንጎ አላለቀሰችም። «ማን እንደሚፈልገው ነገሩት?» ብላ ጠየቀች።

«አይነግሩም። ሕጋቸው አይፈቅድም። እሱ ግን ሰልፉ ውስጥ ተመልሶ ለጎኑ ሰው፣ እሷ ናት፣ አለው አሉ።»

«እሷ ናት አለ?»

«እሷ ናት አለ።»

«እንደገና ይበሉልኝ ጋሼ።»

ጋሼ ውብእሸት እንደገና አሉላት። አሁንም ጠየቀቻቸው፤ አሁንም አሉላት። ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ስታስደግማቸው ቆየች፤ ሰውም አንድ በአንድ እየተነሳ ሄደ። ሲበቃት ክንዴን ያዘችና ወደ ቤት ወሰድኳት።